የከፈለ ያውቃል፦ የሠራተኛው የሕመም ምስጢር ከዘነበወርቅ እስከ ጤና መድን

ከአየር ጤና አደባባይ ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ የሚገባው የጅማ መንገድ ሜክሲኮ ከመድረሱ በፊት በሁለት ሆስፒታሎች አቅራቢያ ያልፋል። መጀመሪያ ዘነበወርቅ ላይ አለርት አለ፤ ቀጥሎ ጦር ኃይሎች ላይ የሠራዊቱ ሆስፒታል። ለረጅም ዘመን የሁለቱም ታካሚ ነገሩ ከበሩ ይታወቅ ነበር። ወደ መጀመሪያው የገባ በሽታው ታወቀበት፤ ወደ ሁለተኛው የገባ አሠሪው ታወቀ።

የሠራተኛ የሕመም ምስጢር በአገራችን እንዴት ሲጠበቅና እንዴት ሲሾልክ እንደኖረ ለማየት እነዚህ ሁለት በሮች ደኅና መነሻ ናቸው። ሕጋችን ስለ ሕክምና ምስጢር ማሰብ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ያሰበው ግን ስለ ሐኪሙ አፍ ነው። ምስጢሩ ደግሞ ሲወጣ የኖረው በወረቀት ነው፤ በማኅተም፣ በሕመም ፈቃድ፣ በደረሰኝ። ወረቀቱ የሚሄደውም ገንዘቡን ወደሚከፍለው ሰው ነው። የሕመማችንን ወጪ ማን እንደሚከፍል የወሰነ ሁሉ፣ ሕመማችንን ማን እንደሚያውቅም አብሮ ወስኗል።

ማኅተሙ ሲናገር

ዘነበወርቅ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያነት ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉን በ1920ዎቹ አጋማሽ ያቋቋሙት አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበሩ። ቦታው የተመረጠው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ በዓለም ሁሉ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማለት ማግለልም ማለት ነበርና። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ሕሙማን ታክመው ከዳኑ በኋላም ወደ አገራቸው መመለስ ስለከበዳቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ሠፈሩ፤ ወለዱ፤ ከበዱ። የሠፈሩ ስም ከበሽታው ጋር ተቆራኘ። ሥራ ፈላጊ አድራሻውን መናገሩ ብቻ በሽታን እንደ መናገር ሊቆጠርበት ቻለ።

በ1958 ዓ.ም. በዚያው ግቢ አለርት ሲቋቋም ዓላማው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችንና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። በ1962 ዓ.ም. የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በጎኑ ተተከለ። መድኃኒቱ ተሻሻለ፤ በ1970ዎቹ የመጣው ጥምር መድኃኒት በሽታውን ፈጽሞ የሚፈውስ ሆነ። ማኅተሙ ግን ከመድኃኒቱ ዘገየ። የሆስፒታሉ ስም ያለበት የሐኪም ወረቀት ለአለቃው ይዞ የሄደ ሠራተኛ፣ ሐኪሙ ስለ በሽታው አንዲት ቃል ባይጽፍም እንኳ ሁሉ ነገር ተጽፎበት ነበር። ከዚህ ዕዳ ነፃ ያልሆኑ ሌሎች ሆስፒታሎችም ነበሩ። የአማኑኤል ማኅተም የአእምሮ ሕመምን፣ የእንጦጦው ቅዱስ ጴጥሮስ ማኅተም የሳንባ ነቀርሳን ይናገር ነበር።

ይህን ያለዘበው አዋጅ ወይም የሥነ ምግባር ደንብ አይደለም። አለርት የቆዳውን፣ የዐይኑን፣ የድንገተኛውን፣ የአዋላጁን አገልግሎት እየጨመረ አጠቃላይ ሆስፒታል ሲሆን ማኅተሙ ዝም አለ። ዛሬ እግሩን የተሰበረ ሾፌርም፣ ፊቷን ያሳከካት ተማሪም በዚያው በር ይገባሉ፤ አለርት የሚል ወረቀት ያየ አለቃ ምን ይገምታል? በሽተኛውን የሸሸገው ከሌላው በሽተኛ ጋር መቀላቀሉ ነው። ይህን ነገር ኋላ ወደ መድን ስንመጣ እናገኘዋለን።

ፋብሪካው ሲያሳክም

አሠሪ ሠራተኛውን ማሳከም የጀመረው ሥራው ከከተማ በራቀበት ቦታ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ መኖሪያውም ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም የኩባንያው ነበር። የሠራዊቱ ሆስፒታልም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ወታደሩን የሚያዘው፣ የሚከፍለውና የሚያክመው አንድ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪሙ ሁለት ጌታ አለው። በሽተኛው ምስጢሩን ይነግረዋል፤ ኩባንያው ደመወዙን ይከፍለዋል። የሚያድነውን ሰው ለሥራ ይብቃ አይብቃ የሚመሰክርበትም እሱ ነው።

በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ማኅበር መመሥረትንና የኅብረት ስምምነትን ሲፈቅድ የሕክምና ጥቅም ወደ ድርድር ጠረጴዛ መጣ። እስከ ዛሬም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሕጉ አሠሪውን የሚያስገድደው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ወጪውን እንዲሸፍን ነው፤ ጉንፋኑ፣ ስኳሩ፣ የልጁ ቶንሲል ግን የኅብረት ስምምነቱ ወይም የአሠሪው በጎ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ባንኩ፣ ቴሌው፣ መብራት ኃይሉ፣ አየር መንገዱ ሠራተኛን ከሚያኮሩት ነገሮች አንዱ ሕክምናው ነበር። ማኅበራቱ ሲደራደሩ የሽፋኑ ጣሪያ ስንት ይሁን፣ ሚስትና ልጅ ይካተቱ አይካተቱ የሚለውን አንሥተው ተከራክረዋል። ማስረጃውን ማን ያያል የሚለው ጥያቄ ግን ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት።

ጥያቄውን በግድ ያመጣው ኤች አይ ቪ ነው። ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ በ1976 ዓ.ም. ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካን ሠራተኞችና የወንጂን የስኳር ልማት ሠራተኞች ለዓመታት በየጊዜው እየመረመረ መከታተል ያዘ። ቦታው ፋብሪካ፣ ተመርማሪው ሠራተኛ፣ በሽታው ደግሞ በዚያ ዘመን ከሞት ፍርድ የማይለይ ነበር። ውጤቱን ማወቅ የፈለገ ሠራተኛ ከምክር አገልግሎት ጋር ይነገረው ነበር፤ ያልፈለገም ሳይነገረው ምርምሩ ውስጥ ይቆያል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚቆመው ደሙን የሰጠው ሰው ውጤቱ ወደ አስተዳደር ቢሮ እንደማይሄድ ካመነ ብቻ ነው።

በነሐሴ 1990 ዓ.ም. የወጣው የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ የምርመራን ምስጢራዊነት የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 አዲስ ተቀጣሪ የጤና ማስረጃ እንዲያቀርብ ሲጠይቅ የኤች አይ ቪ ምርመራን ለይቶ አወጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ለአዲስ ተቀጣሪና አደገኛ ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ በራሱ ወጪ የሚያሠራውን ምርመራ ሲዘረዝር ይህንኑ ምርመራ ከዝርዝሩ አስወጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ወደዚሁ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ የአገሪቱ አየር መንገድ አንድን ሰው ቫይረሱ በደሙ ስላለ ብቻ በበረራ አስተናጋጅነት አልቀጥርም ማለቱ መብቱን የጣሰ ነው ሲል ፈረደ።

ድሉ ትልቅ ነው፤ አንድ ጎኑ ግን ጎደሎ ነው። ከምርመራው በስም ተለይቶ የወጣው አንድ በሽታ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የጉበት ቫይረስ የተገኘበት፣ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ፣ ገና ለማንም ያልተናገረች ነፍሰ ጡር በዚያች መስመር ውስጥ የሉም። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ደግሞ ከዚህም ከለላ ውጭ ናቸው፤ ደማቸው፣ ደረታቸው፣ እርግዝናቸው ሳይቀር ተመርምሮ ብቁ ናት ወይም አይደለችም የሚለው ውጤት ከእነሱ እጅ ወጥቶ ወደ ተቀባዩ አገር ይተላለፋል።

የታሰረው አፍ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱ እውነት የሚሆነው ሰሚው ምስጢሩን ሲይዝ ነው፤ ስለዚህም ሕጋችን ሰሚውን ማሰር የያዘው ዘመናዊ ሆኖ በተጻፈበት ዘመን ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል አደረገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በሙያው ምክንያት ያወቀውንና በአደራ የተነገረውን ነገር እንዲያወጣ አይገደድም አለ፤ ሰው ያለ ፈቃዱ ለምርመራ ሰውነቱን እንዳይሰጥም ከለላ ሰጠው። ሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪሙን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ ፋርማሲስቱን፣ አዋላጇን፣ ነርሷን ከጠበቃውና ከሃይማኖት አባቱ ጋር በአንድ መስመር አሰለፋቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን አወጀ።

ሁሉም መልካም ናቸው። ግን የወንጀል ሕጉ ዝርዝር በዋናነት የያዘው በሽተኛው ራሱ ሄዶ ምስጢሩን የሚነግራቸውን ሰዎች ነው። ሳይነግራቸው የሚያውቁትስ?

አንድ ወረቀት እንከተል። ሠራተኛው ሦስት ቀን ታሞ ተኝቷል። ሕጉ የሚጠይቀው ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ እንዲያቀርብ ነው፤ የበሽታውን ስም አምጣ አይልም። ቅጹ ላይ ግን ከስምና ከካርድ ቁጥር በታች የሕመሙን ዓይነት የሚሞሉበት መስመር አለ፤ ሐኪሙም መስመሩ ባዶ እንዳይሆን ይሞላዋል። ወረቀቱ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፤ የገቢ ቁጥር ይመታበታል። ከዚያ ለቅርብ አለቃው ይመራል፤ አለቃው ይፈርምና ወደ ሰው ኃይል ይልከዋል። ሰው ኃይል የፈቃዱን ቀን ቆጥሮ በግል ማኅደሩ ያስቀምጠዋል። ለደረጃ ዕድገት ማኅደሩ ሲወጣ ወረቀቱም አብሮ ይወጣል። እስካሁን ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ሐኪሙ የጻፈው ለበሽተኛው ነው፤ ያስረከበውም በሽተኛው ራሱ ነው። ግን ቢያንስ አራት ሰው አውቋል።

ጀርመኖች ይህችን ቀዳዳ የደፈኑት ወረቀቱን ለሁለት በመክፈል ነው። የቢስማርክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኛ የሕመም መድንን ሕግ ሲያደርግ ከፋዩ የሕመም ካዝናው ሆነ፤ አሠሪው መዋጮ ከፋይ ብቻ። ስለዚህ ኋላ የመጣው የሕመም ወረቀት የተለያዩ ቅጂዎች ነበሩት፤ ለካዝናው የሚሄደው የበሽታውን መለያ ይይዛል፤ ለአሠሪው የሚሄደው ከመቼ እስከ መቼ መሥራት እንደማይችል ብቻ ይናገራል። ዛሬ ወረቀቱ በኮምፒዩተር ቢተካም ክፍፍሉ እንዳለ ነው።

ደረሰኙ

የሕመም ፈቃዱ አንድ መስመር ከተናገረ ደረሰኙ ሙሉ ታሪክ ይናገራል። በብዙ ድርጅቶች ሠራተኛው ከኪሱ ከፍሎ ይታከምና ገንዘቡን ያስመልሳል፤ ወይም በዱቤ ደብዳቤ ውል ወዳለበት ክሊኒክ ይላካል፤ ክሊኒኩም በወሩ መጨረሻ የታካሚዎቹን ስምና የተደረገላቸውን ዘርዝሮ ሒሳብ ይልካል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከገባ ወዲህ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም ያትማል። አየር ጤና ካለ መድኃኒት ቤት ፍሉኦክሰቲን የገዛች ሠራተኛ ደረሰኙን ከሐኪም ማዘዣው ጋር አያይዛ ለሒሳብ ክፍል ስትሰጥ፣ ድብርት ላይ መሆኗን ለገንዘብ ያዡ፣ ለሒሳብ ሹሙና ለኦዲተሩ ነገረች ማለት ነው። እነሱ ለማወቅ ባይፈልጉም።

ሒሳብ ክፍሉ ይህን ሁሉ የሚጠይቀው በክፋት አይደለም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪ ሠራተኛውን ለማሳከም የከፈለው ገንዘብ ከሠራተኛው ገቢ ላይ ግብር አይታሰብበትም፤ ነፃ የሚሆነው ግን ለሕክምናው በትክክል የወጣው ወጪ ነው። በትክክል መውጣቱ በምን ይረጋገጣል? በደረሰኝ። ሌላም ምክንያት አለ። የሐሰት የሐኪም ወረቀት የሚሸጥበት፣ በሠራተኛው ስም ዘመድ የሚታከምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለወጪው ተጠያቂ የሆነ ሰው ማጣራቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የግብሩ ሕግና የቁጥጥሩ አሠራር የተሠሩት ስለ ገንዘብ በሚያስቡ ሰዎች መሆኑ ነው፤ የወረቀቱ ባለቤት በሽተኛ መሆኑን ማንም አላሰበበትም።

ኢንሹራንሱ ይህን ያቃልላል ተብሎ ይታሰባል፤ በከፊልም ያቃልላል። በ1967 ዓ.ም. የግል የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥር ከገቡ በኋላ፣ አዋጅ ቁጥር 86/1986 ገበያውን እንደገና ለግል ከፈተው፤ የቡድን የሕክምና መድንም ቀስ በቀስ የባንኮች፣ የኤምባሲዎችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኞች ወግ ሆነ። ደረሰኙ ከአሠሪው ወደ መድን ሰጪው ሄደ። ግን የካሳ መጠየቂያው ቅጽ ብዙ ጊዜ በሰው ኃይል በኩል ያልፋል። ከዚህ የባሰው ውሉ ሲታደስ ነው። መድን ሰጪው የዓረቦኑን ዋጋ የሚያሰላው አምና ስንት ካሳ እንደከፈለ አይቶ ነው፤ ዋጋው ሲወደድ አሠሪው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ የካሳው ዝርዝር ነው። ስም ቢደመሰስም ሠላሳ ሰው ባለበት ቢሮ ውስጥ የኩላሊት እጥበት የሚል አንድ መስመር ካለ ማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ሠራተኛው ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢው እውነቱን እንዲናገር ያስገድደዋል፤ አውቆ የደበቀ ውሉ ይፈርስበታል።

አሜሪካ በዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን መጥፎ ምሳሌ ነው። የፊላደልፊያ ትራንስፖርት ድርጅት የሠራተኞቹን መድኃኒት ራሱ ይከፍል ነበር። መድኃኒት ቤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የላከለት ሪፖርት የሠራተኞችን ስም ከነመድኃኒታቸው የያዘ ነበር፤ አንድ ኃላፊም ወጪ ሲያጣሩ አንደኛው ሠራተኛ የኤድስ መድኃኒት እንደሚወስድ አወቁ። ሠራተኛው ከሰሰ፤ ዳኞቹ 125 ሺህ ዶላር ፈረዱለት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ውሳኔውን ሻረው። የሠራተኛው ምስጢር ጥበቃ ይገባዋል፤ አሠሪው ወጪውን የመቆጣጠር ፍላጎቱ ግን ይበልጣል አለ። ከዚያ በኋላ የጤና መረጃን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ ደንቡ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 የኤ ኦ ኤል ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የጡረታ ጥቅም ለምን እንደተቀነሰ ለሠራተኞቹ ሲያስረዱ፣ በችግር የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዳስወጡ ተናገሩ። ስም አልጠሩም፤ ወላጆቹን ለመለየት ግን የሥራ ባልደረቦች ብዙ አልተቸገሩም። ዋሽንግተን አካባቢ በአሠሪያቸው መድን የሚታከሙ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ናቸው።

ከፋዩ ሲለወጥ

ሕጋችን ከአፍ ወደ ወረቀት ፊቱን ያዞረው በቅርቡ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአካልና የአእምሮ ጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መደበው፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጠ። ዋናው ለውጥ ግዴታው ከሙያ ጋር አለመታሰሩ ነው። መረጃውን የያዘና የሚጠቀም ሁሉ ተጠያቂ ነው፤ ሰው ኃይል ክፍሉም፣ ሒሳብ ክፍሉም፣ መድን ሰጪውም። ለምን ሰበሰብከው፣ ከሚያስፈልግህ በላይ ለምን ወሰድክ፣ ማን ያየዋል ተብሎ የሚጠየቅበት ዘመን በሕግ ደረጃ መጥቷል።

ሆኖም ከዚህ አዋጅ ይልቅ ለምስጢር የሚበጀው ስለ ምስጢር ያልተጻፈው ሌላ አዋጅ ሊሆን ይችላል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ ከደመወዝ በሚቆረጠው መዋጮ ላይ በተነሣ ቅሬታና በዝግጅት ምክንያት ሥራ ላይ መዋሉ ተደጋግሞ ተላልፏል። በታሰበው ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ ያዋጣሉ። ክርክሩ ሁሌ የሚያተኩረው በዚህ መቶኛ ላይ ነው። በውስጡ ያለውን ሌላ ጥቅም ማንም ሲያነሣው አይሰማም፤ አሠሪው የሚከፍለው በደመወዝ ልክ ነው እንጂ በበሽታ ልክ አይደለም። ሠራተኛው ጤነኛ ቢሆን፣ በየሳምንቱ ኩላሊቱን ቢያሳጥብ፣ ሚስቱ መንታ ብትወልድ የአሠሪው መዋጮ ያው ነው። ሒሳቡ ከሆስፒታሉ ወደ መድን ተቋሙ ይሄዳል። አሠሪው ደረሰኝ የሚያይበት ምክንያት የለውም፤ ምክንያት የሌለው ሰው ደግሞ አይጠይቅም። አለርት ሌሎችን በሽተኞች ተቀብሎ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያደረገላቸውን፣ የጋራ ካዝናው ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃየው ሠራተኛ ያደርግለታል፤ ከብዙኃኑ መሀል ይሠውረዋል።

እርግጥ ምስጢሩ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። በየቢሮው ማኅደር የተበተነው መረጃ በአንድ የመንግሥት ተቋም ኮምፒዩተር ሲከማች የአንድ ሰው እጅ አመል የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። የመረጃ ጥበቃ አዋጁ መጀመሪያ ሊፈተን የሚገባውም እዚያ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን የሚሠራው ሥራ የሚሊዮን ብር ሥራ አይደለም። ክሊኒኮች ለአሠሪው የሚሰጡትን ወረቀት ቀኑንና ለሥራ ብቁ መሆን አለመሆንን ብቻ እንዲናገር አድርገው ማሳተም ይችላሉ፤ የአብራሪ የጤና ምርመራ እንኳ ለአየር መንገዱ የሚጠቅመው በዚህ መጠን ነው። ደረሰኝ የሚያጣራው ሰው ከአስተዳደር ውጭ የሆነ አንድ የሕክምና ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ለሒሳብ ክፍል የተረጋገጠው ድምር ይበቃዋል። የካሳ መጠየቂያው በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ለመድን ሰጪው ሊሄድ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበራትም በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ስለ ሽፋኑ ጣሪያ ከሚከራከሩበት ሰዓት ጥቂቱን ቀንሰው አንድ አንቀጽ ሊጨምሩ ይገባል፦ አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ይጠይቃል፤ የበሽታውን ስም አይጠይቅም።